አማርኛ ያልተነገረበት ፊልምህ

ጌችዬ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ይባላል። ለአንተ ግን «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ መጻፍ አልሆንልኝ ብሎ ወረቀቱን ደጋግሜ አጣጥፌ ጣልኩት። ስለዚህ ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ናፍቀኸኛል። መንፈቅህ ወጥቶ ሌላ ወር ተጨምሮበታል። ስንሸኝህ መሬቱ በረዶ ነበር። አሁን መቃብርህ አጠገብ ያለው ዛፍ ጥላው ሰፍቶ፣ የራሱን ሰው ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ከፀሐይ የሚሸሸው አንተ ዘንድ ነው። በሕይወትህ እንግዳ ትወድ ነበር፤ ኖርድኤንድ ሰፈር ካለው መቃብርም ሄደህ አላጣህም።

ቤታችን ደህና ነው። ከታችኛው ፎቅ የነበረው ጫማ ሰፊ ሱቁን ዘግቶ ስልክ የሚጠግን ሰው ገብቶበታል። ስንት ዓመት የተጨቃጨቅክበት የኩሽና መስኮት ተሠርቷል፤ አከራዩ ይህን ያህል ጊዜ ሲለምነው የኖረውን ሰው ከቀበርን በኋላ መሥራቱ ግን አናዶኝ ለቀናት አልከፈትኩትም። የካሜራህን መቆሚያ ኮሪደሩ ላይ አቁሜ ኮቴን እሰቅልበታለሁ። አትቆጣ፣ እግሩን አጥብቄዋለሁ። አረጋውያን ቤት ያለኝ ሥራ እንደነበረ ነው። የሥራ ልብሱ ነጭ መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ጥቁሬን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አውልቄ እገባለሁ፣ ስወጣ መልሼ እለብሳለሁ።

ፀጉሬን ቆርጬዋለሁ። የቀብርህ ዕለት ጠዋት መቀሱን ሳነሣ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ያሳደጉህ እህትህ እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ብቻ «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው አቀፉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው ነው ወደ አንተ የምንሄደው። እዚህ አገር ያለኝ የአንተ ሥጋ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሲቆጡ አፍንጫቸው የአንተን ስለሚመስል ቁጣቸውን እንኳ እወደዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ፊልምህ ነው።

ከሥሩ ልጀምረው፤ ታሪኩ ያንተም የእኔም ስለሆነ አንዴ ደግሜ ብጽፈው አይሰለችህም። ጀርመን የዓለም ዋንጫን ያዘጋጀችበት በጋ ነበር። እኔ ለሆቴል ሥራ ሥልጠና ከአዲስ አበባ ካሰል መጥቼ፣ በዕረፍት ቀኔ የራይንን ወንዝ ልይ ብዬ ፍራንክፈርት ላይ ባቡር ቀየርኩ። ፀጉሬን ተተኩሻለሁ። አብራኝ የምትሠለጥን ልጅ ለሙቀቱ ይቀልሻል ብላ የሰጠችኝን ቢጫ የብራዚል ማልያ ለብሻለሁ። አንተ ከፊቴ ተቀምጠሃል፤ ሳክሰንሃውሰን ከምትሠራበት ምግብ ቤት ያመጣኸውን ሩዝ በቆርቆሮ ሳህን ይዘህ፣ ያ ጢምህ አፍንጫህ ሥር ተንሰራፍቶ። እኔ በሆዴ ህንድ ነው አልኩ። አንተ ብራዚላዊት ናት አልክ። ባቡሩ ደግሞ ከወይን እርሻው ሥር ሲደርስ ቆመና አልሄድም አለ።

መቆሙ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ያን ሁሉ ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጠን አለመተዋወቃችን ነው። ከየት ነህ ብዬ በጀርመንኛ ስጠይቅህ ኮራ ብለህ «ከፍራንክፈርት» አልከኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በዚህ አገር ሰው ሁሉ ገና ስምህን ሳያውቅ ያንን ጥያቄ ስለሚወረውርብህ መሮህ ነበር። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝና መልሰህ ስትጠይቀኝ «ከካሰል» አልኩህ። አበቃ። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች፣ አንዱ የፍራንክፈርት ህንድ፣ አንዷ የካሰል ብራዚላዊት ሆነን፣ እግር እጅ በሌለው ጀርመንኛ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ እናቶቻችን ስናወራ ዋልን። እናትህ ቁጡ እንደነበሩ ነገርከኝ። የት አገር ሆነው ይቆጡ እንደነበር ግን አልጠየቅኩህም። ሩዝህን ስታካፍለኝ በርበሬው ምላሴን ለበለበኝ፤ ህንድ ነው ብዬ ጨርሻለሁና የህንድ ቅመም ነው ብዬ ዋጥኩት።

በመጨረሻ ባቡሩ ድንገት ሲነቃነቅ ሳህኑ ጭንህ ላይ ተደፋ። «ወይኔ እናቴ!» አልክ። እኔም «አበሻ ነህ እንዴ?» አልኩ፤ ሳቁ ከቃሉ ቀድሞ ወጣ። ሱሪህን መጥረጉን ትተህ አፍህን ከፍተህ ቀረህ። ከዚያ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። አጠገባችን የተቀመጡት ጀርመናዊት አሮጊት የተጣላን መስሏቸው ቦታ ቀየሩ።

ይህንን በየሰርጉ፣ በየክርስትናው ስታወራ ኖረህ ኖረህ አንድ ቀን «ፊልም ነው የማደርገው» አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ያገለገለች ካሜራ ይዘህ ስትገባ ግን ቀልዱ አለቀ። አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነውን ሚኪን ለጢሙ ብለህ በአንተ ቦታ አስገባኸው። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ የሥራ ፈረቃዋ ተለወጠና ቀረች፤ አንተም ጊዜ አላጠፋህም፣ ያንን ማልያ ከሳጥን አውጥተህ እኔኑ አለበስከኝ። ሚኪ ታናሽ ወንድሜ ሊሆን እንደሚችል ስነግርህ «ብርሃኑ ይሸፍነዋል» አልክ። እውነቱን ልንገርህ ጌችዬ፣ ብርሃኑ አልሸፈነውም።

አሠራርህ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ታሪኩ እንደተፈጸመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው ይቀረጻል አልክ። በቀረጻ ቀን ሚኪና እኔ ከቤት ወጥተን እስክንመለስ በጀርመንኛ ብቻ እንድንነጋገር አዘዝክ፤ ውኃ አቀብለኝ ለማለት እንኳ። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃል ለመጨረሻው ትዕይንት ትቀመጣለች፤ አትለማመዷትም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትወጣለች፣ ከተለማመዷት ትሞታለች ነበር ያልከው። ሚኪ «ጋሼ ጌታቸው፣ ይሄ ፊልም ነው ወይስ ሽፕራኽኩርስ?» እያለ ይነጫነጫል፤ የጀርመንኛ ትምህርት ቤት ወሰድከን ማለቱ ነው። አንተ ግን ንቅንቅ አላልክም። በየእሑዱ ባቡር ላይ ካሜራዋን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ፣ ሰው ቱሪስት ነው ብሎህ ሲያልፍ፣ ሁሉንም ቀረጽክ። የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ሲቀር ሳንባህ አልታዘዝም አለህ። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ሐኪሙ ምን አለ ሳይሆን ውጪው ብርሃን አለው ወይ ብለህ ነበር የምትጠይቀኝ።

እንግዲህ ፊልምህ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ለአበሻ ተመልካች የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ባለታሪኮች ግን አንዲት የአማርኛ ቃል አይነጋገሩም። ያ የመጨረሻው ትዕይንት ከሌለ አንድ ህንድና አንዲት ብራዚላዊት ባቡር ውስጥ ሩዝ ሲበሉ ማየት ነው ትርፉ።

ዓመትህ ከሞላ በኋላ ተረጋግቼ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። በዚህ በጋ ግን ሚኪ ፊቱን ጥሎ መጣ። ካናዳ ያለችው ሚስቱ ስታስጨርስለት የኖረችው ጉዳይ አልቋል። «ትርሲትዬ፣ ቪዛው መጣ። ፍሉጌ በወሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ፍራይ ያለኝ የመጨረሻው እሑድ ብቻ ነው» አለኝ፤ በረራው ቀርቧል፣ ከሥራ ነጻ የሚሆነውም ያን ቀን ብቻ ነው ማለቱ ነው። ደስ ሊለው የሚገባ ሰው ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ሳምኩት። እሱ ከሄደ እንደማይመለስ፣ የአንተም ሙት ዓመት ገና ሩቅ መሆኑን እያሰብኩ ነበር የሳምኩት።

የሰማ ሁሉ ምክር አዋጣ። አንዱ ትረካ ይግባበት አለ። ሌላው ባለበት ይቁምና መጨረሻው ላይ ፎቶህን ከሻማ ጋር አድርጌ ነፍስ ይማር እንድልበት መከረ። ሌላዋ ጀርባዋን ለካሜራ የምትሰጥ ሌላ ሴት እንዳቆም መከረችኝ። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንተ ትረካ ስትጠላ፣ ፎቶና ሻማ ስታይ ቻናል ስትቀይር የኖርክ ሰው ነህ። ያቺን ጥያቄ የጠየቅኩህ እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ አልጠየቅኩህም።

ስለዚህ ማልያውን እንደምለብስ ቆረጥኩ። ሌላ ሰው ነግሯቸው ከሚሰሙ ብዬ ራሴ ኖርድኤንድ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር ነግሬያቸው እስክጨርስ ተቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ አፍንጫቸው ነፋ አለ።

«ትርሲት፣ ወንድሜ ዓመቱ ሳይሞላ የኳስ ማልያ ለብሰሽ፣ ዊግ አጥልቀሽ፣ ባቡር ላይ ከጎረምሳ ጋር ልትሽኮረመሚ ነው? የአበሻው ማኅበር ምን ይላል?»

«ማኅበሩ ያለውን ይበል እትዬ። እርስዎ እንዳያዝኑብኝ ነው የመጣሁት።»

«አዝኛለሁ» አሉ፤ ተነሥተውም በሩን ከፈቱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ስደውል ስልክ አያነሡም። ቤተ ክርስቲያን በሌላኛው በር ይወጣሉ። መቃብርህ ላይ አበባ ተቀምጦ አገኛለሁ፣ እሳቸውን አላገኝም። ጌችዬ፣ ይህን ልደብቅህ አልችልም፤ ፈራሁ። ፊልምህን ልጨርስ ብዬ ያሳደጉህን እህትህን ባጣ ምን አተረፍኩ? በሌላ በኩል ደግሞ ለሰው አፍ ብዬ ብተወው፣ ሥራህ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ እኔም በየዓመቱ ባልጨረስኩት ነገር ላይ ጧፍ አበራለሁ። ብዙ አላሰላሰልኩም። ጥቁሩን የለበስኩት ለአንተ ነው፤ ማልያውንም የምለብሰው ለአንተ ነው። ሁለቱ ለእኔ አልተጣሉም፤ የተጣሉበት ሰው ካለ እሱ ያስታርቃቸው አልኩ።

ባቡር ጣቢያው፣ ባንሆፍ አካባቢ የምትሸጥ ጋናዊት አለች፤ ከእሷ ዊግ ገዛሁ። ስሞክረው ጥቁር ልብሴን ዓይታ ዋጋ ሳልጠይቃት ቀነሰችልኝ። ማልያው ከስቼ ስለነበር ሰፋኝና ከኋላዬ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰብኩት። እሑድ ጠዋት ከላይ ጥቁር ካፖርት ደርቤ፣ ዊጉን በቦርሳ ይዤ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሚኪ ብቻውን ቆሟል። ካሜራ የሚይዝልን ጓደኛው ሥራ ተጠርቶ ቀርቷል። ሚኪ ፊቱን ጥሏል። እኔ ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አድርገንም ቢሆን እንሄዳለን እያልኩት ሳለሁ ሚኪ ዓይኑን ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ኮፍያውን አወለቀ። ዞር ስል እትዬ የሺ ናቸው። ከራስ እስከ እግር ጥቁር፣ ነጠላቸውን የሐዘን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

«ብቻዋን ከጎረምሳ ጋር ታየች እንዳይሉሽ ነው የመጣሁት» አሉ። «ፈቅጄ አይደለም። ይህን ልብ በይ።»

ልብ አልኩ። እጃቸውን ሳምኩና ተሳፈርን።

ባቡሩ ውስጥ ካፖርቴን ሳወልቅ ቢጫውን አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮት መለሱ። ካሜራዋን አውጥቼ፣ «እትዬ፣ ጭንዎ ላይ ይያዙልኝ። ወደ እኔ ማዞር ብቻ ነው» አልኳቸው። ቀረብ ብለው አዩዋት። «እሱ ይይዛት የነበረችው ናት?» አሉ። አዎን ስላቸው ቦርሳቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን አዋላጅ ሆነው ሕፃናት ሲቀበሉ የኖሩ ሴት አያያዝ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራዋ ጭናቸው ላይ አልተንቀሳቀሰችም።

ሚኪ ሩዙን ደፋ። «ወይኔ እናቴ!» አለ። እኔ «አበሻ ነህ እንዴ?» አልኩ። ቃሉ ወጣ፤ ሳቁ አልወጣም። መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው የምመስለው። ሚኪ ሱሪውን ጠርጎ እንደገና ሞከርን። ትእዛዝህን ማፍረሳችንን አውቃለሁ፤ ምን እናድርግ? በደጋገምነው ቁጥር እየደረቀ ሄደ። ከሞትክ ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር ጌችዬ። ለሥራ ባልደረቦቼ ፈገግ እላለሁ፣ ለአረጋውያኑ ፈገግ እላለሁ፤ ሳቅ ግን ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኛል። ኮብሌንዝ ደርሰን ስንወርድ በእጃችን ምንም አልነበረም። የቀረን የመመለሻው ባቡር ብቻ ነው። ሚኪ ሩዝ ሊገዛ ሄደ፤ እኔ ዊጉን እያስተካከልኩ፣ ካልሳቅኩም ሳልስቅ እጨርሰዋለሁ አልኩ ለራሴ። ጥርሴን ነክሼም ቢሆን ዛሬ ያልቃል።

ስንመለስ ባቡሩ ሞልቷል። ከእትዬ የሺ ፊት ለፊት አንድ ረጅም ሰው ተቀመጠ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቷል፣ እግሩ ማለቂያ የለውም። ጉልበቱ በእኔና በካሜራዋ መካከል ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምን በልቶ ነው እንዲህ የረዘመው?» አሉ እትዬ፣ ማንም እንደማይሰማቸው ተማምነው። «እናቱስ እግር መሰብሰብ አላስተማረችውም?» ከዚያ ድምፃቸውን አለስልሰው ወደ ሰውዬው ጎንበስ አሉና በጀርመንኛ «ቢተ፣ ባይነ ዌግ» አሉት፤ እግርህን አንሣልኝ መሆኑ ነው። ሰውዬው ሰበሰበ። ጥቂት ቆይቶ እግሩ ተመልሶ መጣ። እትዬም ተመለሱበት፤ ጫማው የአባቱ እንደሚመስል፣ ጠጉሩን የቆረጠው ሰው መታሰር እንዳለበት፣ እንዲህ ያለ ቁመት ይዞ ፎቅ የማይጠግን ሰነፍ መሆኑን በአማርኛ ዘረዘሩ። እሱ ወደ መስኮቱ እያየ ነው፣ ፊቱ አልተለወጠም። ሚኪ ከንፈሩን ነክሶ ሩዙን እያዘጋጀ ነበር።

ባቡሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ካሜራዋ ከእትዬ እጅ ወደ ፊት ልትወረወር ስትል፣ «ኧረ በእመብርሃን! የወንድሜን ካሜራ!» ብለው ጮኹ። ረጅሙ ሰው ሁለት እጁን ከሥር ሰደደ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወደቀ። ካሜራዋንም የእትዬንም እጅ አንድ ላይ እንደያዘ በጣም በትሕትና እንዲህ አለ፦

«አይዞዎት እማማ፣ ይዣታለሁ። እግሬንም ሰብስቤያለሁ።»

እትዬ የሺን ብታያቸው! አፋቸው ተከፍቶ አልዘጋ አላቸው። ያኔ ነው የመጣው። ከሆዴ ተነሥቶ፣ ሳልጠራው፣ ሳልለማመደው መጣ፤ እየሳቅኩ ለዚያ ለማላውቀው ሰው «አበሻ ነህ እንዴ?» አልኩት። ሚኪ፣ እግዜር ይባርከው፣ ቅንጣት ጊዜ አላጠፋም። ሩዙን ጭኑ ላይ ገለበጠና ከፊቴ ሆኖ «ኧረ እኔም ነኝ!» አለ። እኔ ወደ እሱ ዞርኩና የባሰ ሳቅኩ።

ካሜራዋ እየቀረጸች ነበር። እትዬን ማዞር እንጂ ማጥፋት አላሳየኋቸውም ነበርና ከኮብሌንዝ ከተነሣን ጀምሮ ቀይዋ መብራት እንደበራች ናት። በአራት እጅ ተይዛ፣ ትክክል ወደ እኔ ዞራ፣ ሁሉንም ወስዳዋለች። ረጅሙ ሰው አይታይም። የሚታየው ቢጫ ማልያ የለበሰች ሴት ስትስቅ፣ ሩዝ የተደፋበትም ሰው ሲስቅላት ነው። ከዚያ በኋላ ሚኪና እኔ በአማርኛ አወራን፤ በሥራ ላይ ሆነን ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰፈርህ የት ነው፣ ማንን ታውቃለህ፣ ስንል ስንል ማቆሚያ አጣን። በሌላ ጊዜ «ሽቶፕ» ብለህ የምታስቆመን አንተ ነበርክ። አሁን የሚያስቆመን ሰው የለም። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሊዞርብኝ ሲል ለቅሶውም በፊልምህ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ራሴ «በቃ» አልኩ።

እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ፣ ሲገልጡት እያለቀሱም እየሳቁም ነበር። ረጅሙ ልጅ የጎንደር ልጅ ነው፤ ስዊድን ይኖራል፣ ለጥቂት ቀን አገር ሊያይ መጥቶ ነው። «ያን ሁሉ ስሰድብህ ዝም ትላለህ?» አሉት። «እማማ፣ ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ የተቆጣኝ ሰው የለም። ጣመኝና ዝም አልኩ» አላቸው። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ አጠገባቸው አስቀምጠው የእናቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ ለምን እንዳላገባ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሲወርድ አገላብጠው ሳሙት።

ጣቢያው ላይ ዊጉን አወለቅኩ። እትዬ ካፖርቴን ይዘውልኝ ቆመዋል። ለበስኩት፤ ሻሼንም አሰርኩ። ዓመትህ እስኪሞላ ጥቁሬን አላወልቅም። የምለብሰውም እኔ ነኝ፣ የማወልቀውም እኔ ነኝ፤ ይህን አሁን ማንም አያስረዳኝም። እትዬ ተሳስቼ ነበር አላሉም፤ እንዲሉም አልጠበቅኩም። ብቻ ክንዴን እንደ ድሮው ያዙና «መቼ ነው የሚታየው?» አሉኝ።

ሚኪ ካናዳ ገብቷል። ሲሰናበተኝ ጢሙን ላጭቶት ስለነበር አላወቅኩትም ነበር። እኔ ከሥራ መልስ ኮምፒውተርህ ፊት ተቀምጬ ምስሉን መቁረጥና መቀጠል ተማርኩ፤ ብዙ አበላሸሁ፣ ግን ተማርኩ። መጨረሻው ላይ ፎቶም ሻማም የለም። «አዘጋጅ ጌታቸው» ይላል፣ ልክ በሕይወት እንዳለ ሰው። ለምን እንዲህ አደረግሽ ያሉኝ አሉ። ሲሠራው በሕይወት ነበረ አልኳቸው።

የፊታችን ቅዳሜ ቦከንሃይም አዳራሽ ተከራይቻለሁ። ከማኅበሩ አንዳንዶቹ አንመጣም ብለዋል። ይቅሩ፤ አልለምናቸውም፣ አልቀየማቸውምም። ወንበር የደረደርኩት ለሚመጣው ሰው ነው። እትዬ የሺ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ ብለዋል፤ ካሜራዋን የያዙት እሳቸው መሆናቸውን ለመላው ኖርድኤንድ አውርተዋል። ካሜራዋን ሽጪያት ላሉኝም መልሴን ሰጥቻለሁ። አልሸጣትም። አረጋውያን ቤት የማስታምማቸው ሴትዮ አንድ ታሪክ ነግረውኛል፤ እሱን መቅረጽ እጀምራለሁ። አንተ ከምታውቀው እኔ የማላውቀው ብዙ ነው፤ እያበላሸሁ እማራለሁ።

አልረሳህም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። እኔ በሥራ ነው የማስታውስህ። ቅዳሜ መብራቱ ሲጠፋና ሰዉ ሲስቅ ትሰማለህ ብዬ ራሴን አላታልልም፣ አትሰማም። እኔ ግን እሰማልሃለሁ ጌችዬ። እስካለሁ ድረስ እሰማልሃለሁ።

ትርሲትህ